ሰማንያ ቀን የሳትኩበት ወረቀት

ሥራውን የጀመርኩት በአውራ ጣቴ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከቤሩት "የልደት ወረቀት ላኪልኝ" ብላ ነበርና እናቷ ምስክር ስታጣ እኔን ይዛኝ ቀበሌ ሄደች። ያኔ ሥራ ፈትቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የልምድ አዋላጅ ሆኜ ኖሬ፣ "ወላድ ሁሉ ጤና ጣቢያ ትሂድ" ሲባል እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

ልደት፣ ጋብቻና ሞት የምትመዘግበው የቀበሌያችን የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ ሠናይት ትባላለች። ቀና ብላ አየችኝና "ልጅቷ ስትወለድ የት ነበሩ እማማ?" አለችኝ።

"እጄ ላይ ነው የወደቀችው" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። "እንዲህ ያለ ምስክር መጥቶልኝ አያውቅም" አለች። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ቀለሙ ሦስት ቀን አልለቅ አለኝ።

በሳምንቱ ሁለት እናቶች በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የአንዷ ልጅ ጅዳ ናት፣ የሌላዋ ዱባይ። ሁለቱንም ልጆች ያዋለድኩት እኔ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ "የወረቀቷ እማማ ውዴ" ተባልኩ። በደንቡ የሥራው ስም ጉዳይ አስፈጻሚ ነው።

ዕቃዬ ጥቂት ነው። አንድ ፕላስቲክ ፋይል፣ ዝናብ እንዳይነካው ሁለት ፌስታል፣ ጃንጥላ፣ ዱላና ስልክ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከማኅተም ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ቀበሌ" የሚል ነው። ቁጥርና ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ እንደማይሠራ፣ ማኅተሙ ፊርማውን ካልነካ እንደሚመለስ፣ ጉርድ ፎቶ ጆሮ ካላሳየ እንደማይቀበሉት፣ ይህን ሁሉ ያወቅሁት እየተመለስኩ ነው።

ምስክር ፍለጋ ያልሄድኩበት ጎጥ የለም። አንዱን ቆጋ ድረስ ሄጄ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ አገኘሁት። "እማማ፣ የመስኖ ውሃው ተራ ዛሬ የኔ ነው። ካለፈኝ ሽንኩርቴ አበቃለት" አለኝ። ቦዩ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። ውሃውን ሲጨርስ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ይዤው ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወለሉን አይቶ "ምስክር አምጡ አልን እንጂ ማሳውን አምጡ አልን?" አለ። ግን ፈረመልን።

አሁን ወደ ስመኝ ልምጣ።

ስመኝ የዋርካ ሜዳ ልጅ ናት፣ የኔው መንደር። አባቷ መምሬ አለኸኝ ዐርፈዋል፤ እናቷ የሺ ከኔ ቤት በታች ነው ያለችው። ስመኝ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ፓስፖርቷ ሊያልቅ ደረሰ። ፓስፖርቱ ካለቀ ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይታደስም። ኢቃማ የሌላት ሴት ደጅ ከወጣች ትያዛለች። ማዳሟም "ወረቀትሽን ካላስተካከልሽ ቤቴ አላቆይሽም" ብላታለች። ቆንስላው ቀጠሮ ሲሰጣት የልደት ወረቀት አስቀድማ እንድታስገባ ነገራት። አንድ ወር ነበረን። ብዙ ነው አልኩ።

እኔ፣ የሺና አንድ ሌላ ጎረቤት ሠናይት ፊት ቆምን።

"የድሮው ፓስፖርት ኮፒ አለ?" አለች ሠናይት።

ነበረ። ፋይሌ ውስጥ ሦስተኛው ወረቀት እሱ ነው። እኔ ግን ኮራሁ። "ልጄ፣ ያዋለድኳት እኔ፤ ኮፒው ከኔ ይበልጣል? ደግሞም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ለማንም አይገባም" አልኳት።

"ኧረ እርስዎን የሚበልጥ የለም" አለች። "በሉ ቀኑን ይንገሩኝ።"

"የግንቦት ልደታ ናት።"

"አዎ፣ የልደታ ልጅ ናት" አለች የሺም። ግንቦት አንድ ተብሎ ተጻፈ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ወረቀቱ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ሄደ። አንዱ አለቀ ብዬ ዱላዬን አነሳሁ።

ፍኖተ ሰላም ገበያ ድንች ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። የስመኝ የድምፅ መልእክት ነው። ስመኝ ሁልጊዜ የምታወራው በሹክሹክታ ነበር፤ ማዳሟ እንዳትሰማት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተቀምጣ።

"እማማ ውዴ፣ ቀኑ ከፓስፖርቴ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱብኝ። ልደቴን ማነው ግንቦት ያደረገው? አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ካላረማችሁልኝ ምን ይውጠኛል?"

ድንቹን ጣልኩት። ፋይሉን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና ለባለቤቷ ሦስተኛውን ወረቀት ሰጠኋት። "ይህን ቀን ወደኛ ቀይሪልኝ" አልኳት።

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። "የካቲት አሥራ ሁለት ነው እማማ።"

"ሚካኤል" አልኩ። ወንበር ሳበችልኝ።

ወዲያው ነው ሁሉም የመጣልኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። የሺ የሚካኤልን ንፍሮ ለጎረቤት ስታድል ምጥ ያዛት። ንፍሮው ሳይበርድ ልጅቷ እጄ ላይ ነበረች። ግንቦት ልደታ ክርስትና የተነሳችበት ነው። ሁለቱንም ቀን አውቀው ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ሰጠሁ።

በማግስቱ ሠናይት ዘንድ ገባሁ። "ሰርዥውና አስተካክይልኝ" አልኳት።

"አንዴ ከተመዘገበ እኔ መሰረዝ አልችልም እማማ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት ደግሞ ቀድሞ የሳተ ምስክርን ብቻ አምኖ አይፈርድም፣ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል።"

የተጻፈ ነገር ከየት ይመጣል? ለየሺ መንገር ነበረብኝ። ያን ቀን ያህል መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔስ ልደታ አላልኩም?" አለች በመጨረሻ። ከዚያ "አባቷ ዳዊቱ ላይ ይጽፍ ነበር። ልጅ በተወለደ ቁጥር ቀለም በጥብጦ ከኋላው ገጽ ይጽፋል" አለች።

"ዳዊቱስ?"

"ሲያርፍ ወንድሙ ወሰደው። ቡሬ ነው ያለው።"

በጸጥታው ችግር መኪና ከቆመ አራተኛ ቀኑ ነበር። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ቡሬ በእግሬ ገባሁ።

የመምሬ አለኸኝ ወንድም መሪጌታ ጥበቡ ዕድሜያችን እኩል ነው፤ ልጅ ሆነን አብረን ጥጃ ጠብቀናል። ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን እግራቸውን ያማቸዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"አንቺ ውዴ" አሉኝ፣ "በዚህ አገር ያላዋለድሽው የለም ይላሉ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ሆድ ውስጥ መልሰሽ ያስቀመጥሻትም አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ይሳቁብኝ መሪጌታ፣ ይገባኛል። ዳዊቱን ብቻ ይስጡኝ።"

"ዳዊቱ ያለኔ ከዚህ ቤት አይወጣም። የወንድሜ እጅ ነው ያለበት።"

"እግርዎስ?"

"በቅሎዋ እግር አላት።"

ንጋት ላይ ወጣን። እሳቸው በበቅሎ፣ ዳዊቱ በማኅደሩ አንገታቸው ላይ፣ እኔ ከፊት በእግሬ። በየጥቂቱ "ውዴ፣ ዛሬ ስንት ቀን ቀረ?" ይሉኛል። "ስምንት" እላለሁ። "አሁንም ስምንት ነው?" ይላሉ ትንሽ ቆይተው። ሊያስቁኝ ነበር። እኔ ግን መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ባየሁ ቁጥር "ወደ ኋላ ተመለሱ" ሊለን ይመስለኛል። የመለሰን የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍኖተ ሰላም ገባን።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ አቤቱታውን ጻፈልን። ለሦስተኛው ቀን ተቀጠርን። ያን ሦስት ቀን የሺ ጠዋት ጠዋት እየመጣች በሬ ላይ ትቆም ነበር። ፋይሉን አይታ ትመለሳለች።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። "እማማ፣ ባለፈው ግንቦት አንድ ብለው አሻራ አሳርፈዋል። ዛሬ የካቲት አሥራ ሁለት ይላሉ። የትኛዋን እማማ ልመን?" አለች።

"የዛሬዋን ልጄ። የዚያን ቀኗ ኮርታ ነበር።"

"'ክቡር ፍርድ ቤት' ይበሉ!" አለኝ ጸሐፊው።

"ተዋቸው" አለች ዳኛዋ። "አዋላጅ ሆነው የልደት ቀን እንዴት ይስታሉ?"

"ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ስሟንም በወጉ አንጠራም። ትተርፋለች አትተርፍም እያልን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናሳድጋት። ድግሱም እልልታውም የክርስትናዋ ዕለት ነው። 'የማን ቀን ልጅ ናት?' ሲሉን የምናስበው ያንን ነው። እናቷም ያንን ነው የምታስበው። እኔ ግን አዋላጅ ነኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን መያዝ የኔ ሥራ ነበር። ኮፒውን አውጪ ተብዬ አላወጣሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የልጅቷ አይደለም፣ የመዝጋቢዋም አይደለም።"

መሪጌታ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ዳኛዋ ራሷ አነበበችው። "ልጄ ስመኝ የካቲት ፲፪ ተወለደች። ግንቦት ፩ ክርስትና ተነሣች፤ ስመ ጥምቀቷ ወለተ ማርያም።"

የሺ የባሏን ቃል ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳኛዋ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች። "የካቲት ከልደቷ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ መጋቢት ሠላሳ፣ ሚያዝያ ሠላሳ። ሰባ ዘጠኝ። ግንቦት አንድ፣ ሰማንያ።" መዝገቡን ዘጋችው። "ልክ ነው። ትእዛዙን ነገ ይውሰዱ።"

በማግስቱ ትእዛዙን ይዤ ሠናይት ዘንድ ደረስኩ። አዲሱን ወረቀት ከመፈረሟ በፊት እጇን ዘረጋች። ሦስተኛውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ አብሬ አየሁ። ከዚያ አተመችው።

ኔትወርክ ደግሞ ጠፋ። ሆስፒታሉ በር ላይ ይሠራል ሲሉኝ እዚያ ሄድኩ። ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቼ ከታማሚ አስታማሚ መካከል ቆምኩ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሄደ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

የቀጠሮው ዕለት የሺ ቤት ዋልኩ። ስልኩን መካከላችን ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። የሺ ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሉ ይበጠሳል፣ ትቀጥለዋለች፣ ይበጠሳል።

"ብትያዝስ?" አለችኝ። "ለቀጠሮው ብላ ስትወጣ መንገድ ላይ ብትያዝስ?"

የተበጠሰውን ፈትል አንስቼ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የሺ ወደኔ ገፋችው፣ እኔ ነካሁት። መጀመሪያ የሰማነው የመኪና ጥሩምባ ነው። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ነፋስ። ከዚያ ስመኝ፣ ጮክ ብላ፣ "እማ! እማማ ውዴ! ተቀበሉኝ! ለማዳሜ የማሳየው ደረሰኝ ሰጡኝ፣ ፓስፖርቱ ሲመጣ ይደውሉልኛል። መንገድ ላይ ነኝ፣ ይሰማችኋል?"

"ሹክ አላለችም" አለች የሺ። "ሰማሽ? ሹክ አላለችም።" ደግማ ደጋግማ አስከፈተችኝ።

መሪጌታ ዳዊቱን ይዘው ቡሬ ተመለሱ። እኔም አሁን ጉልበቴ አልሄድ እያለኝ ፋይሉን ለሌሎች አስረክቤያለሁ። ይህን ሥራ ለምትይዙት የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የድሮውን ፓስፖርት ኮፒ አውጡ። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር አስቀይሩ። ምስክሩን የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ምስክሯ ያዋለደችው ብትሆንም።