ከእህቱ ትከሻ ጀርባ

ማህጁብ የምላጩን ግማሽ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የሟቹን የረጀብን ምስል በጆሮው ዙሪያ ይቆርጣል። ትንፋሹን ውጧል፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ጆሮው ይሄዳል።

ሙያውን የተማረው ሱዳን፣ ደማዚን ነው። አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ተመልሶ ገበያው ጥግ ላይ ፎቶ ቤት ከፈተ። ቢሮዎቹ ሠራተኛ መቅጠር ሲጀምሩ ለማመልከቻ ፎቶ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ መጣ። ሰውን የሚያነሳው በጠዋት ፀሐይ፣ ግቢው ውስጥ፣ ኖራ ከተቀባው ግድግዳ ፊት አስቀምጦ ነው። ረጀብንም እንደዚያው አነሳው። ልጁ ሥራውን ያገኘ ይመስል ፈገግ አለ። መልሱን ሳይሰማ በክረምቱ ወባ ወሰደው። ከዚያች ፎቶ በቀር መልኩ የትም አልቀረም።

እናቱ ዓኢሻ የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ በልጃቸው በኢንዓም የሰርግ ፎቶ ላይ ረጀብ ከእህቱ ትከሻ ጀርባ እንዲቆም። ኢንዓም ሐሙስ በጭነት መኪና ወደ ባሏ አገር ወደ ጉባ ትሄዳለች። ወንድሟን ይዛ ትሂድ ብለዋል።

አስቸጋሪው ብርሃኑ ነበር። ሙሽራው መኪና ተበላሽቶበት ስለዘገየ የሰርጉ ፎቶ የተነሳው ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። ማህጁብ በሰርጉ ፎቶ ላይ የሚታየውን የቀርከሃ አጥር ጥላ በማስመሪያ ተከተለው፤ ፀሐይዋ ከፎቶው ግራ ናት። የረጀብ አፍንጫ ጥላ ግን ወደ ግራ ወድቋል፤ የእሱ ፀሐይ ከቀኝ ነበረች። ለጥፎ ሲያየው ልጁ ከሌላ ቀን መጥቶ የተደነቀረ መሰለ። የበራውን ጉንጭ በእርሳስ ቢያጠቁረው የተደበደበ ሰው ሆነ። በመጨረሻ የረጀብን ኔጋቲቭ ግራው ቀኝ እንዲሆን ገልብጦ አጠበ፣ እንደገና ቆርጦ ለጠፈ። ብርሃኑ ገጠመ። ማንም አይለየውም ብሎ ደስ አለው።

ዓኢሻ ረቡዕ መጡ። ፎቶውን ወደ በሩ ወስደው ራቅ አድርገው አዩት።

«ያ ማህጁብ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ እናቴ!»

«የኔ ልጅ ሲስቅ ከንፈሩ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ እንደ አባቱ። የዚህ ወደ ቀኝ ሄደ።»

«ከፀሐይዋ እንዲስማማ ገልብጬው ነው።»

«ለፀሐይ ብለህ ልጄን ትገለብጣለህ? ፀሐይዋን አትገለብጣትም ነበር?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። «ወላሂ፣ አልቀየምህም። አስተካክለህ ነገ መኪናው ድረስ አምጣልኝ። ኢንዓም ባዶ እጇን እንዳትሄድ።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

ከሄዱ በኋላ ነገሩን አሰበበት፤ እንዳሉት ፀሐይዋን መገልበጥም ይቻላል። ረጀብን እንደነበረ ትቶ የሰርጉን ኔጋቲቭ ገለበጠ። ፎቶው ደርቆ ሲያየው ሙሽራው ለኢንዓም ቴምር የሚያጎርሳት በግራ እጁ ሆኗል፤ በግራ ማጉረስ ደግሞ ነውር ነው። የጉባ አማቶች ይህን ሰርግ ብለው ግድግዳቸው ላይ አይሰቅሉም፤ እሷም አታሳያቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ረጀብ የተገለበጠበትንና ሰርጉ የተገለበጠበትን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ብርሃኑ ያልገጠመው የመጀመሪያው ከእጁ እንዲወጣ አልፈለገም። ደጋግሞ አነሳቸው፣ ደጋግሞ መለሳቸው። ከመናኸሪያው በኩል የጭነት መኪናው ጡሩምባ አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ለኢንዓም ሊያደርስ ስሟን የጻፈበት ፖስታ ምንም ሳይገባበት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።