የአቦይ ይማም ድር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ጾም ማፍረሴን ብቻ ነግሬያቸው ተመለስኩ። ለማላውቅህ ለአንተ መናገር የቀለለኝ ፊትህን ስለማላይ ይሆናል።

በጣሊያን ዘመን መጨረሻ መቀሌ ነበርኩ፤ ቤታችን ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። የምማርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የአውሮፕላን ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር። ሁሉንም ሸመደድኩ። ባለ ሁለት ክንፉ የድሮ፣ ባለ አንድ ክንፉ አዲስና ፈጣን፤ ትልቁ ቦምብ ጣይ፣ ትንሹ ተዋጊ። ተዋጊው የተሠራው ሌላ አውሮፕላን ለማሳደድ ነው ተብለናል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መምጣት ሲጀምሩ ይህንኑ ለሰፈሩ አስተማርኩ። ትልቁ ከመጣ ሩጡ፣ ትንሹ ግን ከምድር ጋር ጉዳይ የለውም አልኩ። ሰው አመነኝ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ድምፅ ሲሰሙ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ደስ አለኝ። መታየቱ ደስ አለኝ።

አቦይ ይማም ከወሎ የመጡ ሸማኔ፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ድራቸውን ሜዳው ላይ ከችካል ችካል እየተመላለሱ ይወጥሩታል፤ ነጭና ረጅም ነው። መሐል ላይ ከተተወ ክሩ ይላላል፣ ይጠላለፋል፣ የስንት ቀን ፈትል ይበላሻል። ስለዚህ ከመሮጣቸው በፊት እኔን ይጠይቃሉ። «አንተ የሰማይ ዳኛ፣ እቺኛዋስ?» ይሉኝ ነበር እየቀለዱ።

አንድ ሰኞ ከውቅሮ ስመለስ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ መንገድ ላይ ያሉትን የጣሊያን መኪናዎች በመትረየስ ስትመታ አየሁ። ተዋጊ ነበረች። የተዋጊ ሥራ ተለውጦ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ያንን አልነገረንም። ሰፈር ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ለምን? ተሳስቻለሁ ማለት አፈርኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ድምፅ መጣ። ትንሿ ነበረች። አቦይ ይማም ድሩን ትተው መሮጥ ጀምረው ነበር። ጀምረው ነበር። ዞረው ወደ እኔ አዩ። ጎረቤቱም ሁሉ አየኝ።

«ተዋጊ ናት አቦይ፤ ሥራዎን ይቀጥሉ» አልኩ።

አፌ ለምዶት ነው? አይደለም። እያወቅሁ ነው ያልኩት። ወደ ድሩ ተመለሱ። ያ ነጭ ነገር ከላይ ላለው አብራሪ ምን እንደመሰለው አላውቅም። አውሮፕላኗ ዞራ መጣች። አቦይ ይማምን ያነሣናቸው ከድሩ ላይ ነው።

ባለቤታቸው አደይ ዘይነባ በለቅሶው መሐል ጠሩኝ። «ጠይቆህ ነበር አይደል? ምን አልኸው?»

«ይሩጡ ብያቸው ነበር» አልኩ። «እምቢ አሉ።»

«ድሩን ከእኔ አስበለጠ» አሉ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አላለቀሱም። ባለፈው ክረምት ሄጄ ስጠይቃቸውም ይህንኑ ደገሙት።

ዛሬ ለመምህርነት የምማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ስለ አውሮፕላን ሲጠይቁ ቀድሜ እጄን አነሣሁ። በትክክል መለስኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ምንም አልተሰማኝም።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ጦርነት ነው አልልም። አደይ ዘይነባ ማንበብ አይችሉም። ይህን ጽሑፍ ነገ ሄጄ አነብላቸዋለሁ ልል ነበር፤ ግን ነገ ማለቴን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰፈር ካለፍክ አንተ አንብብላቸው። ባለቤትዎ ድሩን ትተውት ነበር በላቸው። የመለስኳቸው እኔ ነኝ።