ሙሉን ሰነፍ ያላሏት ሲስተር አልጋነሽ

ሲስተር አልጋነሽ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አረፉ። ከማልቀሴ በፊት ግን አንድ በደል በጽሑፍ ይቀመጥልኝ፤ የልጅ ልጄን ሙሉን «ሰነፍ» ብላችኋታል። ሰነፍ አይደለችም። ይህን ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩላት እርሳቸው ናቸው።

ሙሉ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከወንድ እኩል ትውል ነበር። ዓምና ግን ከመኝታዋ መነሳት አቃታት። እህል አልቀምስ፣ ሰው አላናግር አለች። አጎቷ በላይ ደጃፋችን ቆሞ ጮኸ፦ «ከወንድሟ ከደሴ ጋር አይደል የሸሸችው? እሱ ይኸው ጆንያ ይሸከማል! ዋላሂ፣ ይቺ እንቅልፍ ነው የለመደች!»

ሲስተርን ከክሊኒክ ጠራኋቸው። መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡና ፀጉሯን ያበጥሩላት ጀመር።

«መርፌ የለም?» አልኋቸው።

«መርፌስ የሚያስፈልግ ለእርስዎ ነበር እማማ፤ ዝም ማሰኛ።»

ሙሉ ፈገግ አለች። ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

መድኃኒት አስጀመሯት፤ ከሥራ መልስም እየመጡ አብረዋት ይቀመጡ ነበር። በላይን አንድ ቀን እንዲህ አሉት፦ «በፍርሃት ያደገ ልጅ አንጎሉ ዘብ እንደቆመ ይቀራል። ተኩሱ ቢቆምም እሱ አያርፍም። ዓመታት ቆይቶ ይዝላል። ሁሉም አይታመምም፤ የታመመው ግን ሰነፍ አይባልም።»

«ደሴስ ታዲያ?» አላቸው።

«እሱን አላውቅም» አሉ።

እኔ ግን አልተውኋቸውም። ልጆቹ ተኩሱን ሸሽተው ከገንዳ ውኃ ከተማ ሲወጡ እናታቸው መንገድ ላይ ሞተችባቸው፤ እኔ ድንበሩን ቀድሜ ተሻግሬ ስለነበር ሱዳን በኩል ገላባት ላይ ከሰው መሃል ተቀበልኋቸው። እናታቸው አንድ፣ መከራቸው አንድ። እሷ ብቻ ለምን ትወድቃለች? ይህ ፍርድ ነው ወይ? ሲስተር በመጡ ቁጥር ይህንኑ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሳይሰለቹ «ገና ነው እማማ» ይሉኝ ነበር።

ሲስተር፣ ሙሉ በእግሯ መጥታ ቀብርዎ ላይ ቆማለች፤ ይህንን ይወቁልኝ። ታመው ተኝተው እንኳ ያንኑ በመጠየቄ አይቀየሙኝ። እጄን ይዘው «ሙሉ ራሷ ይንገሩልኝ ስላለች ነው» ብለው የነገሩኝን በላይም ይስማ፣ አገሩም ይስማ፦

«እማማ፣ ደሴ ያን መንገድ ያለፈው በእኅቱ ጀርባ ነው። ሲፈራ ይለጠፍባት ነበር። እሷን ያዘላት ግን አልነበረም።»