ነጩን ጠይቅ

ቢሯችን ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዲስ ደንበኛ ደረጃውን ወጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ነጩ የሚባለው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም በአገጫችን ወደ መስኮቱ ጥግ እንጠቁማለን። ደንበኛው ያየዋል፤ መልሶ ደግሞ እኛን ያየናል። የቀለድንበት ይመስለዋል። ከአምስታችን የሱን ያህል የጠቆረ የለምና አይፈረድበትም።

ስሙ የወጣለት ከመልኩ ሳይሆን ከአፉ ነው። ሥራው ቪዲዮ ማሳነስ ነው፤ ካሜራ ያነሳውን ግዙፍ ፋይል በስልክ የሚላክ አድርጎ ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ ደግሞ ቀለም ይሸሻል። ጥቁሩ ዐመድ ይመስላል፣ ቀዩ ይደርቃል፣ ፊት ይገረጣል። ሌላው ሰው ይኼ ሲገጥመው ወዲያው ቀለሙን መነካካት ይጀምራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እያባሰው ይሄዳል። እሱ ግን እጆቹን ጭኑ ላይ ያደርግና «መጀመሪያ ነጩን ጠይቅ» ይላል። ምስሉ ውስጥ ነጭ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቀውን ነገር ፈልግ ማለቱ ነው፤ ወረቀት፣ ኮሌታ፣ ሲኒ። ነጩ ወደ ቢጫ ካዘነበለ ምስሉ በሙሉ አዘንብሏል፤ ማስተካከል ይቻላል። ነጩ ነጭ ሆኖ ሌላው ቢጫ ከሆነ ግን ያ ነገር ራሱ ቢጫ ነው፤ እጅህን ሰብስብ። ይህንን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አላውቅም።

እኔ ከጎኑ የምቀመጠዋ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ሙሉ ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ማራገቢያ ሲያጉረመርም እየሰማሁ ያንን ሁሉ ከንግግር ላይ እጠርጋለሁ። ስለዚህ ሰው መከፋቱን ከፊቱ ቀድሞ የሚነግረኝ ድምፁ ነው። የነጩ እናት ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ የነጩ ድምፅ ከፍም ዝቅም አይልም። «ደህና ነኝ» ሲልም፣ «ፋይሉ ተልኳል» ሲልም፣ በስልክ ከደንበኛ ጋር ሲስቅም አንድ ልክ ነው። ምሳ ከቀረበለት ይበላል፤ ካልቀረበለት አይጠይቅም። መጀመሪያ አዘንኩለት፣ ቀጥሎ ሰለቸኝ፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ነገሩን የነገረኝ ከቀብር በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቱ የሚኖሩት ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር፤ ከዚህ በአውቶብስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከመሞታቸው ሁለት ወር ተኩል በፊት እህቱ የሃያ ሴኮንድ ቪዲዮ በስልክ ላከችለት። ከሥሩ «እማዬ ዓይኗ ቢጫ አልሆነብህም?» ብላ ጽፋበታለች። እሱ የመብራት ክፍያ ወረፋ ላይ ቆሞ ነበር። አየና «ስልኩ ነው፤ ርካሽ ስልክ ፀሐይ ላይ ሲሆን ቀለም ይስታል» ብሎ መለሰላት። እሷም «ተመስገን» ብላ ጻፈች። በቃ፣ ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ሐኪም ቤት የሄዱት እናቱ መብላት ካቆሙ በኋላ ነው። የሐሞት መውረጃው ላይ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ እሱንና እህቱን አስቀምጦ «ቢጫ መሆን ሲጀምሩ የት ነበራችሁ? ያኔ ቢመጡ እኮ ሌላ ነገር ነበር» አላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረፉ።

«ለቅሶ ላይ እታለም ለመጣው ሁሉ ‹አብሬያት እየኖርኩ አላየሁም፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ› እያለች ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር» አለኝ። እታለም የሚላት እህቱን ነው። «አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያንን መልእክት ትርሳው አትርሳው አላውቅም።»

«ቪዲዮው ላይ ነጭ ነገር ነበረ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላስታውስም። አልጠየቅኩም» አለ። «ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩበት። ስድስት ዓመት እኛን ሲያደርቀን ኖሮ ለገዛ እናቱ ሲሆን አንዲት ጊዜ አለመጠየቁ አበሳጨኝ። ከዚያ በላይ ያበሳጨኝ ግን እህቱ ጥፋቱን ሁሉ ተሸክማ እሱ ዝም ማለቱ ነው። «ንገራት» አልኩት። «እነግራታለሁ» አለ፣ ፋይሉ ነገ ይደርሳል በሚልበት ድምፅ። አልነገራትም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አንድ መጋረጃ ሻጭ መጡ። ለማስታወቂያ ያሠሩትን ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ከፍተው የነጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼ የኔ መጋረጃ አይደለም» አሉ። «እኔ የምሸጠው ወይን ጠጅ ነው። ይኼ ያረጀ ጡብ ነው።»

«ጋሼ፣ መጋረጃውን ይተዉትና ቪዲዮው ውስጥ ያለውን የዋጋ ወረቀት ይዩልኝ» አላቸው። «ጽሑፉ ጥቁር ነው ግራጫ?»

ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩ። «ግራጫ ሆኗል።»

«ስለዚህ መጋረጃው ብቻውን አይደለም የገረጣው። ብርሃን የሚለካው በቁጥር ነው፤ ፋይሉ ድፍን ጥቁሩን አሥራ ስድስት ብሎ ነው የሚጀምረው። ስልክዎ ደግሞ ከዜሮ የሚጀምር መስሎት ያነበዋል፤ አሥራ ስድስትን ሲያገኝ ይኼማ ትንሽ ብርሃን አለው ይላል። ቀለሙ አልተበላሸም። ከስንት እንደሚቆጠር ለስልኩ የሚነግረው፣ ፋይሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት ነው የተሳሳተው።»

ምልክቱን ለውጦ መልሶ ጨመቀውና ላከላቸው። መጋረጃው ወይን ጠጅ ሆኖ መጣ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኼ ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ነጩ «አመሰግናለሁ» አለና ቀጣዩን ፋይል ከፈተ።

ከምሳ በኋላ እህቱ መጣች። ከዚያ በፊት አይቻት ባላውቅም በሩ ላይ ቆማ ጥጉን ሳትጠይቅ ስታገኘው እሷ መሆኗን አወቅሁ። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ በጉንፋን የተዘጋ ሴት ናት። ፍላሽ ሰጠችው።

«የእማዬ ቪዲዮዎች ናቸው» አለችው። «ዘመዶቹ ካልላክሽልን ብለው አስጨንቀውኛል። አያይዘህ አራት ደቂቃ አድርግልኝ፤ በስልክ የሚሄድ ይሁን። ይቺ በር ላይ ተቀምጣ የምታወራዋን መጨረሻ አድርጋት። ፊቷን ግን እንደ ድሮው አድርግልኝ።»

«ፊቷን?»

«ቢጫውን አጥፋልኝ። ይኼን ያየ ሰው ‹እንዲህ ሆና እያየሽ ዝም አልሽ?› ይለኛል። እስካሁን ያሉኝ ይበቃኛል።»

ነጩ «እሺ፣ እታለም» አለ። እሷ የእናታቸው ፎቶ መስታወት ተሰንጥቆ ኖሮ፣ እስኪጨርስ ታች ወርጄ ላስቆርጥ ብላ ሄደች።

በር ላይ የተነሳችውን ቪዲዮ ሲከፍታት ወንበሬን ወደሱ አስጠጋሁ። እናቱ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ የቀን ብርሃን ነው፣ ፀጉራቸውን ታጥበው ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል። ፎጣው ነጭ ነው። ወደ ምንም ያላዘነበለ ነጭ። ዓይናቸውና አንገታቸው ቢጫ ነው። ነጩ ለረጅም ጊዜ ፎጣውን አየ።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ቢጫውን ከምስሉ ሲቀንስ የእናቱ ፊት መለስ አለ፤ ፎጣው ግን ሰማያዊ ሆነ። መለሰው። እንደገና ሞከረ፤ ፎጣው እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ሲጨንቀው ፊታቸውንና አንገታቸውን ብቻ ከቦ ለይቶ፣ ፎጣውን ሳይነካ አስተካከለው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጤነኛ ሴት ሆነው ነጭ ፎጣ ለብሰው ተቀመጡ። ሥራው እንከን አልነበረውም። እጅህን ሰብስብ የሚለው እሱ ራሱ ነበር።

ድምፁን እንዳጸዳለት ወደኔ ላከልኝ። ማዳመጫውን አጠለቅሁ። ነፋስ አለ፣ ሩቅ የሚመታ መዶሻ አለ። ከዚያ እናትየው እየሳቁ እንዲህ ይላሉ፦ «ፊቴን ምን ያደርግልሻል፣ ዓይኔን አስጠግተሽ አንሺው እንጂ። ላኪለትና ይየው። ልጄ ቀለም ያውቃል።»

ቪዲዮውን አቆምኩት።

«እህትህ ያኔ የላከችልህ ይኼንኑ ነው አይደል? ስታየው ድምፅ ነበረው?» አልኩት።

«ወረፋ ላይ ነበርኩ» አለ። «ዘግቼው ነው ያየሁት። ምን ትላለች?»

ንግግሩ ስድስት ሴኮንድ ነው። ነፋስ በዝቶበታል ብዬ ቆርጬ ብጥለው ማን ይጠይቀኛል? የሰው ሐዘን ላይ ዕንጨት መጨመር ምን ይጠቅመኛል ብዬም አሰብኩ። ግን ሴትዮዋ ታች መስታወት እያስቆረጠች ነው፤ ወጥታ ያንን የተስተካከለ ፊት ይዛ ልትሄድ ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ጆሮው ላይ አደረግሁለት።

አንድ ጊዜ ሰማው። አላለቀሰም። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገመዱን በጣቱ አስተካከለ።

እህቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ መስታወት ይዛ ተመለሰች። ሁለት እጇን ስለያዘባት ነጩ ቪዲዮውን ስክሪኑ ላይ አሳያት። እናቷ በር ላይ ሆነው ሲመጡ «ይኸው» አለች። «ይኸው እማዬ። እንዲህ ነበረች እኮ። እጅህ ይባረክ።»

ፋይሉን ለመላክ የቀረው አንድ መጫን ነበር። ነጩ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«እታለም፣ አንዴ ቁጭ በይ።» ያልተነካውን ቪዲዮ ከጎኑ ከፈተላት። «ፎጣውን እዪው። ነጭ ነው አይደል?»

«ነጭ ነው።»

«ስልኩ ስቶ ቢሆን ኖሮ ፎጣውም ቢጫ ይሆን ነበር። ስልኩ አልሳተም። ያኔ ስትጠይቂኝ ስልኩ ነው ያልኩሽ ፎጣውን ሳላይ ነው። ድምፅዋንም አልሰማሁም። አንቺ አይተሻል። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ሁሉ ያለው በዚያው በአንድ ልክ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ የመጋረጃውን ነገር ያስረዳ ይመስል ነበር። እህቱ መስታወቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጋዜጣው ላይ ስትዳብስ ቆየች።

«መልእክትህ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ» አለች በመጨረሻ። «ሌት ተቀን ነው የማነበው። ለቅሶው ላይ አጠገቤ ስትቀመጥ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁህ። ስድስት ቀን ጠበቅሁህ።»

ነጩ ቪዲዮውን አቆመው።

«እኔ እኮ በስልክ አይደለም ያየሁት። በር ላይ፣ በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት። ስልክ ያወጣሁት ላንተ ላሳይህ ብዬ ነው። ስልኩ ነው ስትለኝ፣ ይኼ ልጅ ያውቃል ብዬ ዓይኔን ተውኩት። ከዚያ በኋላ ባየኋትም ቁጥር ስልኩ ነው እል ነበር። ስልክ ሳልይዝ።»

ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። «አዎ» ብቻ አለ። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ የድምፅ መለኪያውን አየሁ፤ ማጫወቻው ቆሞ ስለነበር አይንቀሳቀስም።

እህቱ ተነሣች። መስታወቱን በብብቷ አቀፈች።

«ያልተነካውን ላክልኝ» አለች።

«ዘመዶቹስ? ቢጫው ምንድን ነው ቢሉሽ?»

በሩ ጋ ደርሳ ነበር። አልዞረችም።

«ስልኩ ነው እላቸዋለሁ» አለች።

ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋን እስከ ታች ድረስ ሰማሁት። ነጩ የተስተካከለውን ፋይል አጠፋ፣ ያልተነካውን ጨመቀ፣ ጥቁሩ ግራጫ እንዳይሆን ምልክቱን አይቶ አረጋገጠ፣ ላከላት። ደርሷል የሚለው ምልክት መጣ።

«መጋረጃው ተልኳል?» አለኝ።

«ጠዋት ነው የላክኸው።»

«እሺ።» ወንበሩን ወደኔ አዞረ። «እስቲ ያቺን ድምፅ እንደገና አሰሚኝ።»

ማዳመጫውን ሰጠሁት።