በጣት የማይዞረው ኩሽኔታ

ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ኩሽኔታ፣ ዘንግ ተደግፎ የሚዞርበት ያ ባለ ድርብ ቀለበት ብረት፣ የሚመረጠው በጣት ነው። ገዢው የግራ ጣቱን በቀዳዳው ያስገባና የውጭውን ቀለበት በቀኝ እጁ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ብዙ ከዞረ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ቶሎ ከቆመ ሻጩ ሌባ ነው። በግ ላቱ ተጨብጦ እንደሚገዛው መሆኑ ነው። በበግ ደንቡ ይሠራል። በኩሽኔታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ የሚዞረው ውስጡ ያለቀው፣ በናፍጣ ታጥቦ የተወለወለው ነው። አዲሱ ከፋብሪካ ወፍራም ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ ሲመቱት ይኮራል፤ ቶሎ ይቆማል። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ይኼንን ያስተማሩኝ ተሰባብረው ወደ መለዋወጫ ሱቄ የተመለሱ ዕቃዎች ናቸው።

ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ከወገዳ የመጡት ኑግ በሚታጨድበት ሰሞን ነበር። ዘይት መጭመቂያ ነበራቸው። የዙሪያው የስማዳ ገበሬ ኑጉን እሳቸው ዘንድ አስጨምቆ ዘይቱን በጄሪካን፣ ፋጉሎውን ለከብቱ ይዞ ይመለስ ነበር። የመጭመቂያው ካምቢዮ፣ ማለት የሞተሩን ሩጫ ወደ ጉልበት የሚለውጠው የማርሽ ሳጥን፣ ኩሽኔታው ተፈረካከሰ። ስባሪውን በሻሽ ጠቅልለው፣ እንደ ሬሳ ገንዘው አመጡልኝ። ልጆቻቸውን ማሽኑ ሰልችቷቸዋል፤ ኑግ ተወቅቶ ሳያልቅ ካልተነሳ ብረቱን በኪሎ ሊሸጡት ተማክረዋል።

«ብረት መሸጥ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው መጭመቅ ነው» አሉኝ።

የኩሽኔታው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ሻሹ ውስጥ ስፈልግ አንድ ደህና ሮለር አገኘሁ፤ እንደ ትንሽ በርሜል መሃሉ ሆዳም የሆነ። ያኔ ምን እንደምፈልግ አወቅሁ። መጭመቂያ ኑጉን ወደ ፊት ሲገፋ ኑጉም ዘንጉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያንን ግፊት የሚችለው ሆዳም ሮለሮች በሁለት ረድፍ ዘመም ብለው የተደረደሩበት ኩሽኔታ ነው። ክብ ብይ ያለው ከላይ የመጣበትን ክብደት ይሸከማል፤ ከጎን በኃይል ሲገፉት ግን ይበተናል።

አዲስ አበባ ወዳለ ደላላ ደወልኩ። «የምን መኪና ነው?» አለኝ። የመኪና አይደለም ስለው፣ እንግዲያው የለም ብሎ ዘጋው። ለእሱ መኪና ያልወለደው ኩሽኔታ ሁሉ ዲቃላ ነው። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር እየደወልኩ፣ የሮለሩን ፎቶ እየላክሁ፣ የቀዳዳውን ስፋት እያነበብኩ ጨቀጨቅሁት። በመጨረሻ ከአንድ መጋዘን ጥግ አገኘልኝ። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ዕቃው ከሾፌር ወደ ሾፌር እየተላለፈ፣ ከመቀመጫ ሥር ተወሽቆ ደረሰ። ኑጉ ገና አውድማ ላይ ነበር። በጊዜ ደረስን ብዬ ለሐጂ መልእክት ላክሁ።

ሱቄ ቆመው ጣታቸውን አስገብተው መቱት። ሩብ ዙር ሄደና ቆመ።

«ይኼ ምን ሆኗል?»

«አዲስ ነው ሐጂ፤ ዘይቱ ይዞት ነው።»

«አዲስ ከሆነ ለምን እንደኔ ጉልበት ያቃስታል?»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ኩሽኔታው ያን ቀን የዞረው እንደዚያ ብቻ ነው። ሁሉም እየመታ ራሱን ነቀነቀ። ሲጨንቀኝ፣ ምንም ሳይከፍሉ ይውሰዱትና ሲሠራ ይዩት አልኳቸው። በዚያው አበላሸሁት። ነጋዴ ያለ ገንዘብ እንካ ካለ ዕቃው የታመመ ነው፤ እኔም ብሆን አልወስድም።

ሐጂ ጎረቤት ሱቅ ገቡ። እዚያ ከጭነት መኪና የኋላ እግር የወጣ፣ ብይ ያለው ኩሽኔታ ነበር። ቀዳዳው ልክ፣ ወርዱም ልክ፤ ውፍረቱ ያንሳል፤ ለክፍተቱ ቀለበት ይቆረጥለታል ተባለ። ሲመቱት እንደ እንዝርት ሾረ። እኔንም በር ላይ ጠርተው አሰሙኝ።

«ሐጂ፣» አልኳቸው፣ «ይኼ ለመዞር እንጂ ለመገፋት አልተሠራም። ኑጉ ሲገፋው ይበተናል።»

ኩሽኔታውን ሳያስቀምጡ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የማይዞር ይዤ ወገዳ ብገባ ልጆቼ ምን ይሉኛል?» አሉ።

የሚሾረውን ገዝተው ሄዱ። ወገዳ ላይም ሰው ሁሉ ጣት አለው።

ማሽኑ መነሳቱን ከወገዳ የመጣ ሾፌር ነገረኝ። ኑግ በጆንያ ተሰልፏል አለ። እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤቴ ዕቃ ከእኔው ይብለጥ ብዬ ተመኘሁ። ምኞቴ ብዙ አልቆየም። ብዩ ተበተነ፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሄዶ የማርሹን ጥርስ አረገፈው፤ የካምቢዮው ቀፎም ተሰነጠቀ። አሁን ኩሽኔታ ብቻውን የሚያድነው አልሆነም። ገበሬው ኑጉን እንዳለ ለነጋዴ ሰጠ። ልጆቹም እንዳሉት አደረጉ። ብረቱን የጫነው መኪና በከተማችን ሲያልፍ አየሁት፤ ቀፎው ከተበላሸ አልጋና ከቆርቆሮ ጋር ተደባልቆ ነበር።

ሐጂ ዛሬ ወገዳ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘይት በጄሪካን ይቸረችራሉ። ያንኑ ሊገዙ ንፋስ መውጫ ሲመጡ ሱቄ አረፍ ይላሉ። ያ ኩሽኔታ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው። የገባ ሁሉ ይመታዋል፤ ይቆማል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ሐጂም አነሱት። ጣታቸውን አስገብተው መታ አደረጉት።

«አሁንም መዞር አልለመደም?»

«አልለመደም፣ ሐጂ።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ አቧራው ላይ ቀለበት ወደ ሠራበት ቦታው መለሱት።