ድንጋይ ውስጥ የቀረ ስብ

አባቴ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ኦቶና ሆስፒታል ባደሩበት ጊዜ፣ እኔ የማስተርስ ጥናቴን የላብራቶሪ ውጤት ይዤ ከአዲስ አበባ ሶዶ ገባሁ። ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሳያነቡ መዋል አይሆንላቸውም። አሁን ግን አንዱ ዓይናቸው ታሽጓል፣ ሌላው ከደበዘዘ ቆይቷል።

“በይ ንገሪኝ፤ ድንጋዩ ውስጥ ምን አገኘሽ? ዓሣ ነው?”

“ዓሣ አይደለም አባባ። በዓይን የሚታይ ነገር የለውም።”

“እንግዲያ ዛሬ እኔና አንቺ እኩል ነን” ብለው ሳቁ።

በወላይትኛ ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። ሞለኪውል የሚለውን ቃል ትቼ እንሰት አነሳሁ። “ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ቅጠሉ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል አይደል? ቅጠሉ ሰም ስላለው ነው። የማንኛውም ዛፍ ቅጠል ሲበሰብስ ሰሙ ቶሎ አይጠፋም። ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ፣ ጭቃው ድንጋይ ሲሆን እሱም ጥቂት ተለውጦ እዚያው ይቀራል።”

ድንጋዩን ከዓባይ ሸለቆ አምጥቼ እንደፈጨሁት፣ በኬሚካል ስቡን እንዳወጣሁ፣ ማሽኑ ከቅጠል ሰም ሌላ የባሕር አልጌ ስብ ቅሪት እንዳሳየኝ ነገርኳቸው።

“ዓባይ ሸለቆ ባሕር ነበር?”

“ነበር። ዳርቻው ላይም ዛፍ ነበረ፤ አበባ የሚያወጣ ተክል ግን ገና አልነበረም።”

ድንጋዩ ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ስነግራቸው ዝም አሉ። ስፈራው የከረምኩት ይህንኑ ዝምታ ነበር። ጂኦሎጂ ልማር ስል “እምነትሽን እዚያ ጥለሽ እንዳትመጪ” ብለውኝ ነበር።

“የመጀመሪያው ናሙና ተበላሸ ያልሽኝስ?” አሉ ቆይተው።

“የእጄ ቅባት ገብቶበት ነው። ማሽኑ ያገኘው ቫዝሊን ነበር። ከመጀመሪያው ደግሜ ሠራሁት።”

“ማን ነቃብሽ?”

“ማንም። ራሴው ነኝ ያየሁት።”

እጄን ፈልገው ያዙኝ። “የዓመቱን ነገር ለጌታ እተወዋለሁ። አንቺ ግን ያላገኘሽውን አገኘሁ አላልሽም። ለእኔ ይኼ ይበቃኛል።”

ስንት ወር የከበደኝ ነገር ቀለለኝ። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የተናገሩት “ከስተሻል” የሚል ነበር። ወደ ቤታችን፣ ወደ ቤሌ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን ለተቀመጡ ሴት ነጋዴ “ልጄ ባሕር አገኘች” አሏቸው።

“የት? አባያ ሐይቅን ነው?”

“ኧረ ድንጋይ ውስጥ!”

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ወንበሩን ደገፍ ብለው፣ እኔ እንድናገር ጠበቁ።