ሸሚዙ ይግባ ወይስ ይውጣ

ታናሽ እኅቴ ስትደውል ገና ከሥራ መግባቴ ነበር፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «የልጁ አባት እሁድ ኪልት ሊለብሱ ነው» አለችኝ።

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ለክብር ቀን የሚለብሱት ነው፤ ከኋላው ሽንሽን ያለው፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ባለ ካሬ የሱፍ ልብስ። ቀሚስ ሲባል ይቆጣሉ። ቀሚስ ካልሆነ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን በደንብ ያስረዳኝ ሰው የለም።

የፈረንጆቹ ዘጠናዎች ወደ ማለቂያቸው ተቃርበው ነበር። እኔና አባባ በስደት ከተማችን ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ አብረን እንኖራለን። እኅቴ ኖርዝ ዮርክ ቢሮ ትሠራለች፣ እዚያው ተከራይታለች። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ አናጢ ነው፤ እናቱ ሞታ ኢስት ዮርክ ውስጥ ከአባቱ ጋር ይኖራል። አባባ «እኔ አልመርቅም» ካለ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ እኅቴ ስትደውል ከእኔ ጋር አውርታ ትዘጋለች፤ እሱም ማን ደወለ ብሎ አይጠይቅም። አሁን እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። አባባ እምቢ ካለ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እፈርማለሁ ብላለች። እሱም እንዲያ ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ ብሏል። ሁለቱም ካሉ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው፤ መሐል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አባባን የከበደው የልጁ ነጭ መሆን አልነበረም። ፎቃችን ላይ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ። እሱ እንግሊዝኛ አያውቅ፣ እሳቸው አማርኛ አያውቁ፤ ሊፍት ውስጥ በተገናኙ ቁጥር ግን እጅ ይነሳሱ ነበር። አንድ ቀን ልጆቻቸው መጡና ሶፋውን በሊፍት አወረዱ፣ ከዚያ አልጋውን፣ በመጨረሻ እሳቸውን። አባባ ኮሪደር ላይ ቆሞ አየ። አረጋውያን የሚጦሩበት ሽማግሌ ቤት እንደወሰዷቸው ስነግረው «ልጆች እያሏቸው?» አለኝ፤ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም። የእኅቴ ነገር ሲነሳ የመለሰልኝ ይህንኑ ነው። «ያ ልጅ ዛሬ ከአባቱ ጋር የሚኖረው ቤቱ የአባቱ ስለሆነ ነው። ነገ ሽማግሌውን አውጥቶ ቤቱን ይወስዳል። አባቱን የጣለ ሚስቱን አይጥልም?»

በዚህ ላይ ኪልት ሲጨመርበት ሌላ ሰበብ ሊሆነው ነው አልኩ በልቤ።

«ሙሉ ልብስ የላቸውም?» አልኳት።

«አላቸው። ግን ልጅ ለመጠየቅ በኪልት ነው የምሄደው ብለዋል። የተሞሸሩበት ነው። ታመው ስለከሱ የላዩ ጃኬት አልሆን አለ፤ ኪልቱ በዘለበት ስለሚጠብቅ ይሆናል። ከላይ ተራ ሸሚዝ ነው የሚለብሱት። እና ኢን ይደረግ ወይስ ይውጣ?»

ለዚህ ጥያቄ ሰው አላጣችም። ሴት ብሆንም የወንዶች ልብስ መደብር ውስጥ ሸሚዝ ስሸጥ ነው የምውለው። «ጫፉ ክብ ነው ወይስ ቀጥ ያለ?» አልኳት። ክቡ ይገባል፣ ቀጥ ያለው ይወጣል፤ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው።

«ቀጥ ያለ ነው።»

«እንግዲያው ይውጣ። ቢያንስ ግማሹን ይሸፍነዋል።»

«ከወጣማ ፒጃማ ነው የሚመስለው።»

«የአባባ እጀ ጠባብ ጉልበቱ ድረስ ይወርድ የለ? ማን ፒጃማ አለው?»

«እጀ ጠባብ ከሥሩ ሱሪ አለው።»

«የሳቸውስ ከሥሩ ምን አለው? ውስጡን ለቄስ» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አይ አም ሲሪየስ» አለች። «አባባ ቢስቅባቸው አልችለውም። እሳቸው ደግሞ ሸሚዛቸው ካልገባ ከቤት አይወጡም። የወጣ ሸሚዝ የሰካራም ነው ይላሉ።»

«ካላስገቡ የማይወጡ ከሆነ እኔን ለምን ጠየቅሽኝ?»

 «ስለፈራሁ» አለችኝ። ታናሼ ናት፤ እንዲህ ስትል ልቤ አልቻለም። ይግባ አልኳት፣ ባላምንበትም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው የልጁ አባት። ልጁ ራሱ በደንባችን ከሽማግሌ ጋር አይመጣምና ሰዎቹን አድርሶ ታች መኪና ውስጥ ቀረ።

የልጁ አባት ረጅም፣ ፊታቸው ቀይ፣ ጸጉራቸው በውሃ ተለጥፎ የተበጠረ ነበር። አረንጓዴና ጥቁር ኪልት፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ። ሸሚዙ ገብቷል፤ አገባቡም ዝም ብሎ አልነበረም፤ ዙሪያውን አንድ እጥፋት የለበትም፣ ሰፊው የቆዳ ቀበቶ ላዩ ላይ ጠብቋል፣ ከፊት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ተንጠልጥላለች። እንዲህ የገባ ሸሚዝ ሱቃችን መስኮት ላይ ካለው አሻንጉሊት በቀር አይቼ አላውቅም። ተሳስቼ ነበር አልልም፤ ግን ቢወጣ ኖሮ ሰውዬው እንዲህ አያምሩም ነበር።

አባባ ከጉልበታቸው ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ ብሎ አያቸው። ይሄኔ ነው የሚስቅባቸው ብዬ ጠበቅኩ። ዐይኑ ወገባቸው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎም «አደግድገው ነው የመጡት» አለኝ።

በእነሱ ዘመን ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስር ነበር። ወገቡን ያላሰረ ሰው እንደ ጥጋበኛ ነው የሚታየው። ይህን እኔ ጭራሽ ረስቼው፣ ሸሚዝ ያውጡ ብዬ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባባ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰውዬ፤ የሽማግሌ ደንብ ነውና። የልጁ አባትም ቆሙ። ግራ እጃቸው ደረታቸው ሥር ተጣብቆ አይንቀሳቀስም፣ ግራ እግራቸውም እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሕመሙ ይህን ያህል እንደሆነ እኅቴ አልነገረችኝም።

ሰውዬው ንግግሩን አሳመሩት፤ ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጣን አሉ። እኔ ለልጁ አባት አስተረጎምኩ። አባባ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «ዘመድ ላማክር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ።

ይህም ደንብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንዳረከሰ ይቆጠራል። ስለዚህ የሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት አልተለወጠም። የልጁ አባት ግን ቃሉን ስነግራቸው ደማቸው ወደ ፊታቸው ወጣ። ተባረርኩ ብለው ነው። «ደንብ ነው፣ እምቢታ አይደለም» አልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደንብ ይሁን እምቢታ እኔም አላወቅኩም። እሳቸውም በትሕትና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰዎቹ ተቀመጡ። አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትድከሙ» አላቸው። «ሰውዬው ጨዋ ናቸው። ልጃቸውን ግን አላምነውም። እነዚህ ሰዎች አባት ሲያረጅባቸው ምን እንደሚያደርጉ ዐይቻለሁ።» ደንቡ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኅቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ።

የልጁ አባት ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ ሸሚዛቸው በግራ በኩልና ከኋላ ተዘርግፎ ወጥቷል፤ ቀበቶውን በቀኝ እጃቸው ይዘውታል። ዐይኔ ከዐይናቸው ሲገጥም ፊታቸውን አዞሩ። በአንድ እጅ ሞክረው ሞክረው እንዳልሆነላቸው ማንም ሳይናገር ሁላችንም ዐወቅን። ሁለቱ እንግዶች ምንጣፉን ያዩ ጀመር።

ልረዳቸው ብድግ ስል አባባ በእጁ ወደታች አለኝ። ልክ ነው፤ የሰው አባት ወገብ መንካት ለእኔ ነውር ነው። ከዚያ ራሱ ተነሣ። ሽማግሌ የተላከበት አባት ቦታውን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይነሣም፤ እሱ ግን ተነሥቶ ሄደና ከኋላቸው ቆመ።

«ይፍቀዱልኝ» አላቸው በአማርኛ።

አላስተረጎምኩም፤ ማስተርጎም አላስፈለገም። ሸሚዙን በመዳፉ እያለሰለሰ ከኋላ አስገባ፣ ጎኑን አስገባ፣ ዞሮ ከፊት ቀበቶውን ከእጃቸው ተቀብሎ ዘለበቱን ቆለፈ። የራሱ ጣቶችም እርጅና ይዟቸዋልና ጊዜ ወሰደበት። ሽማግሌው ልብሱን እንደሚለኩለት ሰው አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። ሲጨርስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ አያቸው።

«ጠይቂያቸው» አለኝ፤ «ጠዋት እንዲህ አሳምሮ ያለበሳቸው ማን ነው?»

ጠየቅኳቸው። ዘለበቱን በቀኝ እጃቸው ዳሰሱ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ከታመምኩ ጀምሮ በየጠዋቱ እሱ ነው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት የሚያለብሰኝ። ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፤ አባትሽ አቅመ ቢስ እንዳይሉኝ ብዬ። ሽማግሌ ቤት ውሰደኝ ብዬው ነበር። እምቢ አለ።»

ለአባባ አንድ በአንድ ነገርኩት። አባባ ራሱን ነቀነቀ። የልጁ አባት ፊቱን ይመረምሩታል፣ ምን እንዳሰበ ሊያውቁ።  አባባ በቀኝ ክንዳቸው ይዞ ወደ ሶፋው ወሰዳቸውና ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሻይ አመጣሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ መንገድ ግንባታ አወሩ፤ ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠጡ። ሲሰናበቱ አባባ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ያለውን አልሻረውም፤ ግን ሊፍቱ ድረስ ሸኛቸው። እሱ ሰው ሲሸኝ ከበሩ አልፎ አያውቅም።

ሲመለስ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ደውይላት» አለኝ።

ቁጥሩን ደውዬ፣ ስታነሳ ስልኩን ሰጠሁትና ወደ ኩሽና ገባሁ። ላለመስማት ብዬ ኩባያ ማጠብ ጀመርኩ፤ ቤታችን ግን ምስጢር የሚያስቀር ቤት አይደለም። ሲጀምር ሰላም አላት፣ ከዚያ ቅዳሴ ሄደሽ ነበር አላት። እሺ የሚለውን ቃል ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።

«አንቺ» አላት። «ያ ልጅ፣ እኔ ስደክም፣ እኔንም ያለብሰኝ ይሆን?»

ውሃውን ዘጋሁት። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ። ሸሚዙን የምተኩስለት፣ መድኃኒቱን የምቆጥርለት እኔ ነኝ። ስለ እኅቴ የሚፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሶፋው በሊፍት ሲወርድ ያየው የራሱን ነው፤ ያወረዱት ልጆችም እኛ ነን። እኔን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቀኝ ኖረ። ጠልቶኝ አይደለም፤ እምቢ ብትለኝስ ብሎ ፈርቶ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄው ገና ከአፉ ሳይወጣ እሺ እለው ነበር። በጣም አዘንኩ።

እኅቴ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እሱ ግን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ተይ እንጂ፣ አታልቅሺ» አላት፤ እኔም እያለቀስኩ እንደሆነ አላየም።